የሃምሳ ብር ቁማርተኞች

«ቁማር ቁማር ነው፤ በሃምሳ ብርም ይሁን በሃምሳ ሺህ።» ደሴ ላይ ይህን የማይል ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣው ጡረተኛ ይለዋል፣ ሸዋበር ሱቅ የከፈተው ነጋዴ ይለዋል፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተሳፋሪ የሚጠራው ልጅ ሳይቀር ይለዋል። ካርታ ይዞ የተቀመጠ ሰው ከታየ ነገሩ አለቀ፤ እሱ ቁማርተኛ ነው፣ ልጁ የቁማርተኛ ልጅ ነው፣ ትዳሩም የሚፈርስበትን ቀን እየጠበቀ ነው። ይህን ፍርድ የሚሰጠው ሰው ታዲያ ብዙ ጊዜ በሌላ እጁ ስልኩን ይዞ የፕሪሚየር ሊግ ኦድ እያየ ነው።

እኔ የምሟገተው ለሃምሳ ብሩ ነው። የሚተዋወቁ ሰዎች በታወቀ ገንዘብና በታወቀ ሰዓት የሚጫወቱት ካርታ፣ ፖከርም ይሁን ክሬዚ፣ ቤት ከሚያፈርሰው ቁማር ጋር አንድ ስም ቢጋራም አንድ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከተማችን ምንም ሳትል ከተቀበለቻቸው ብዙ መዝናኛዎች ይሻላል። «ቁማር አይደለም» ብዬ ላመልጥ አልፈልግም። ገንዘብ ይያዝበታል፣ አንዱ ያገኛል፣ ሌላው ያጣል፤ ቁማር ነው። ግን ምን ዓይነት ቁማር?

የሚቃወሙት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ክርክራቸው ሲሰበሰብ ይህን ይመስላል። በሃምሳ ሺህ የሚጀምር የለም፤ ሁሉም በሃምሳ ነው የሚጀምረው። የተሸነፈ ሊያስመልስ፣ ያሸነፈ ሊደግም ይቀመጣል፤ ሁለቱም አይነሱም። የቤት ኪራዩን፣ የልጁን የደብተር መግዣ፣ የእቁቡን ብር ጠረጴዛ ላይ አስቀርቶ የገባ ሰው በየሰፈሩ ይታወቃል። ጓደኛ የጓደኛውን ገንዘብ ሲበላ ቂም ይወለዳል፤ በቁማር የተጣሉ ወንድማማቾችን ያስታረቀ ሽማግሌ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ደግሞስ ጊዜው? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ገብቶባት ፋብሪካና ሱቋ የተዘረፈባት አገር ገና ሳታገግም፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ እያለ፣ ካርታ መደርደር ነውር አይደለም ወይ? በመጨረሻም፣ ለብዙዎቹ እንዲያውም በመጀመሪያ፣ ሃይማኖቱ አለ።

ከሃይማኖቱ ልነሳ፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝምና። ቁርኣን በአል ማኢዳ ምዕራፍ ቁማርን ከመጠጥ ጋር አንድ ላይ ከልክሏል፤ የኦርቶዶክስ ካህናትም ቁማርን ሲባርኩ አልሰማንም። ሐራም ነው ብሎ የራቀ ሰው ከእኔ የሚጠብቀው መልስ የለም። ካርታ ስንጫወት አብረውኝ ከሚያመሹት ወዳጆቼ አንዱ እንዲህ ነው፤ ጀበናው አጠገብ ተቀምጦ ሲቀልድብን ያመሻል እንጂ ካርታውንም ብሩንም አይነካም። ግን ይኼ ሰው ሎተሪም አይቆርጥም፣ በኳስም አይወራረድም። እምነቱ ከጠረጴዛችን ሲነሳ አያልቅም። የእኔ ጠብ ከእሱ ጋር ሳይሆን፣ ካርታ ሲያይ አስተግፊሩላህ ብሎ ወይም አማትቦ አልፎ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሞ የአሥር ጨዋታ ቲኬት ከሚቆርጠው ጋር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አምስት ሰው 50፣ 50 ብር ይዞ ጠረጴዛ ቢከብ በድምሩ 250 ብር ነው። ሲነሱም ያው 250 ብር ነው። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ዞረ እንጂ ከአምስቱ ወጥቶ የሄደ ሳንቲም የለም፤ በሌላ ቀን ደግሞ መልሶ ይዞራል። የቤቲንግ ቤቱ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው ቡድኖች አሉ እንበል፤ አቻ የሚባል ነገርም የለም። ትክክለኛው ኦድ፣ ማለትም ያሸነፈ ሰው የያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ 2 ነው። ቤቱ 1.90 ከሰጠ ጨዋታው ሳይጀመር ከመቶ ብርህ አምስቱን አስቀርቷል ማለት ነው። አምስት ብር ምን አላት? ችግሩ ልጆቻችን አንድ ጨዋታ አይቆርጡም። አሥር ይደረድራሉ፤ ቲኬቱ «ትልቅ ይከፍላል» ስለሚባል። በየጨዋታው የምትቆረጠዋ አምስት በመቶ እየተደራረበች አሥረኛው ላይ ስትደርስ፣ ከመቶ ብሩ በአማካይ የሚመለሰው 60 ብር ገደማ ብቻ ነው። አርባውን ማን ወሰደ? ጓደኛው አይደለም። ፊቱን አይቶት የማያውቅ ቤት ነው።

ስልክ ላይ ያለው ይብሳል። አቪዬተር የሚባለውን፣ አውሮፕላኗ እየወጣች ቁጥሩ የሚጨምርበትን፣ ከመጥፋቷ በፊት ያወጣ የሚበላበትን ጨዋታ የማያውቅ የደሴ ወጣት ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የጆርጂያው ስፕራይብ ኩባንያ ራሱ የሚለው ከሚያዘው ገንዘብ 97 በመቶው ለተጫዋቾች እንደሚመለስ ነው። ሦስት በመቶ ከቲኬቱ ቆረጣ ጋር ሲተያይ ደግነት ይመስላል። ግን ዙሩ በሰኮንዶች ያልቃል። በአንድ ቁጭታ መቶ ዙር የተጫወተ ልጅ፣ በየዙሩ 10 ብር ብቻ ቢይዝ እንኳ፣ 1,000 ብር አንቀሳቅሷል፤ በአማካይ 30 ብሩ ላይመለስ ሄዷል። ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ብቻውን፣ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ፣ በሩን ዘግቶ። እናቱ ስትገባ ስልክ እየነካካ ነው ያለው፤ ቁማርተኛ ብሎ የሚጠራውም የለም።

ሎተሪስ? ብሔራዊ ሎተሪ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በመንግሥት እጅ ያለ የዕድል ንግድ ነው። ከተሸጠው ያነሰ ይከፍላል፤ ባያንስ ኖሮ አይኖርም ነበር። ይህን ማለቴ አዟሪውን ልነካ አይደለም፤ እሱ በብርድ በፀሐይ ቆሞ እንጀራውን ይፈልጋል። ማለት የፈለግሁት፣ ቁማርን በሙሉ እንጸየፋለን የምንለው ነገር ውሸት መሆኑን ነው። የምንጸየፈው ፈቃድና ማኅተም የሌለውን ብቻ ነው። እንዲያውም ሕጉ ከእኛ የተሻለ አስተውሎ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ሲጥል፣ 1,000 ብር ያልሞላውን ከግብር ነፃ አድርጎት ነበር። ሕግ አውጪው ትንሹንና ትልቁን ለየ፤ የሰፈሬ ሰው ግን «በሃምሳም ይሁን በሃምሳ ሺህ» ይላል።

«ከሃምሳ ተነስቶ ሃምሳ ሺህ ይደርሳል» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድበት። እውነት ነው፣ የሚደርሱ አሉ። ግን በምን መንገድ? ሰውን ጠልፎ የሚጥለው ካርታው ላይ ያለው ሥዕል ነው? ሩሲያዊውን ደራሲ ዶስቶየቭስኪን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1866 «ቁማርተኛው» የተባለውን ልብ ወለድ በ26 ቀን ውስጥ በቃሉ እያስጻፈ የጨረሰው የአሳታሚ ውል አፋጥጦት ነበር። ያን ሰው በጀርመን ከተሞች የባለቤቱን ልብስ እስከ ማስያዝ ያደረሰው በሽታ ከወዳጆቹ ጋር የተጫወተው ካርታ አልነበረም። ሩሌት ነበር። ማለትም ፈጣን ጨዋታ፣ ወለል የሌለው ኪሳራ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሰው ሳይሆን ቤት። ሰውን የሚበላው ቁማር አወቃቀሩ ይኼ ነው፤ ይፈጥናል፣ ያበድራል፣ ብቻህን ያስቀምጥሃል፣ «ይብቃህ» የሚልህ የለም። ይህን አወቃቀር ዛሬ የት ታገኘዋለህ? ጎረቤትህ በረንዳ ላይ ወይስ ኪስህ ውስጥ?

እስቲ የእኛን በረንዳ ላሳይ። ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ብዙ የማይርቅ ግቢ ነው። ብር ጠረጴዛ ላይ አይታይም፤ ቆርኪ ነው ያለው። ጋራዥ የሚሠራው ወዳጃችን ጠርሙስ ሲከፈት የተጣመመውን ሁሉ በመዶሻ ደልድሎ አምጥቶታል። የአምቦ ውኃ ቆርኪ 1 ብር፣ የኮካ 5 ብር፣ የቢራው 10 ብር። ሁሉም ሲገባ የ50 ብር ይገዛል፤ ያለቀበት ሁለተኛ አይገዛም፤ ዱቤ የሚባል ነገር የለም። ያለቀበት ሰው ሥራ ግን አለው፤ ሲኒ ያጥባል፣ ከሰል ያራግባል። ከደሴ የሚመጣው መምህር የመመለሻ ትራንስፖርቱን ጨዋታው ሳይጀመር የስኳር ዕቃው ውስጥ ይከታል። የሚያስነሳንም እሱ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ አምልጦት ኮምቦልቻ ማደር አይፈልግማ። ያሸነፈ «እኔ ገና ነኝ»፣ የተሸነፈ «አንድ ዙር ጨምሩልኝ» የሚልበት ጊዜ የለም። መኪናው ማንንም አይጠብቅም።

ከሁላችንም የሚልቁት ተጫዋች ከፋብሪካው በጡረታ የወጡ እትዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ሲበጠስ በዓይን ሲያድኑ ኖረው አሁን እኛን ያድኑናል። አንድ ምሽት መምህሩ ሁለት ቀይ ልብ በእጁ፣ መሬት ላይ ከተገለጡት ካርታዎችም ሁለቱ ቀይ ልብ ሆነውለት፣ የሚቀረው አንድ ካርታ ነበር። ቀይ ልብ ከመጣ አሸነፈ ማለት ነው። መሀል ላይ 30 ብር አለ፤ ለመቀጠል ግን 10 ብር መጨመር አለበት። እትዬ ፊታቸውን አላዞሩም። «መምህር፣ ይተዉት» አሉት፤ ይህንን ሲሉ እውነታቸውን ይሁን ሊያሳስቱት ማንም አያውቅም።

ያላያቸው 46 ካርታዎች አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ 9ኙ ቀይ ልብ ናቸው። ዕድሉ ከአምስት አንድ ገደማ ነው። አምስት ጊዜ ቢሞክረው አንዴ 30 ብር ያገኛል፤ አራት ጊዜ 10፣ 10 ብር፣ በድምሩ 40 ያጣል። አያዋጣም። መምህሩ ጣቱን እየቆጠረ አሰበና ካርታውን ጣለ። የመጨረሻው ካርታ ሲገለጥ ቀይ ልብ ሆነ። ሳቁ ግቢውን አናወጠው። እሱ ግን አልተቆጨም፤ ልክ ነበርና። መሀል ላይ 60 ብር ቢኖር ኖሮ ደግሞ መቀጠሉ ልክ ይሆን ነበር፤ በዚያው ካርታ፣ በዚያው ዕድል።

«ዕድል ብቻ ነው፣ ችሎታ የለውም» ለሚሉኝ የምመልሰው ይህንን ነው። ከ52 ካርታ የሚወጣ የአምስት ካርታ ስብስብ 2,598,960 ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደሚደርስህ አንተ አትመርጥም። የሚደርስህን ይዘህ ምን እንደምታደርግ ግን ትመርጣለህ፤ ከሁሉም በላይ መቼ እንደምትተው። አውሮፕላኗን በምን ችሎታ ነው የምታሸንፋት? ከእሷ ጋር ማን ይደራደራል? የማን ፊት ይነበባል? ፈረንሳዮቹ የሒሳብ ሊቃውንት ፓስካልና ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 የተጻጻፉት፣ በኋላ የኢንሹራንስ ሒሳብ ሁሉ የቆመበት የዕድል ስሌት፣ የተነሳው ከሳይንስ ቤተ ሙከራ አይደለም፤ ተጫዋቾች ጨዋታውን አቋርጠው ቢነሱ መሀል ያለው ገንዘብ እንዴት ይከፈል ከሚል ጥያቄ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኖይማንም ከኢኮኖሚስቱ ሞርገንሽተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ፖከርን በቁም ነገር ተንትኖታል። እትዬ ይህን አላነበቡም፤ አስፈልጓቸውም አያውቅም።

ፀብ ያመጣል የሚባለውስ? ያመጣል፤ ግን ካርታ ብቻ ነው እንዴ? ደሴ ላይ ፑልና ጆተኒ የሚጫወት ልጅ በነፃ አይጫወትም። ተሸናፊ ከፋይ ነው። ከረምቡላ በቢራ ይያዛል፤ የሰፈር ቡድኖች ኳስ ሲገጥሙ በመካከላቸው ገንዘብ አለ። ይኼ ሁሉ ገንዘብ ተይዞበት፣ ዕድልም ችሎታም ተቀላቅሎበት የሚጫወቱት ነው፤ ሆኖም ስሙ ጨዋታ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ተራውን የሚጠብቅ ሹፌር ተሳቢው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ ከረዳቱ ጋር ካርታ ሲጫወት ግን ስሙ ተቀየረ፤ ምክንያቱን የሚነግረኝ አላገኘሁም። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ፀብ ያልተፈጠረው ጨዋ ስለሆንን አይመስለኝም። 50 ብር ሰው ለማጣላት አትበቃም፤ ጣሪያው የተሠራው ለዚህ ነው።

ጊዜ ማባከን ነው የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። ጫት ቤት ተቀምጦ ከቀትር እስከ ምሽት የሚውለውን ሰው «ጊዜህን» የሚለው ጥቂት ነው። ኮምቦልቻ ቢራ የሚጠመቅባት ከተማ ናት፤ ሃምሳ ብር ዛሬ አንድ ጠርሙስ በወጉ አትገዛም። ለሰው ሙሉ ምሽት የምታስቅ፣ የምታሟግት፣ የምታሳስብ ሃምሳ ብር ሌላ ቦታ ካለች ይጠቁሙኝና ልሂድባት። ጦርነት ያየ ከተማ መዝናናት የለበትም የሚለውን ሐዘን ደግሞ ካርታ ላይ ብቻ ስንተገብረው አይገባኝም፤ ሠርጉም ኳሱም ቀጥሏል።

ካርታ ጨርሶ የማይሆንላቸው ሰዎች እንዳሉ ግን አልክድም። አንዴ ሲሸነፉ ፊታቸው የሚለወጥ፣ ማስመለስ ካልቻሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው። እንዲህ ያለ ሰው በእኛም በረንዳ አልፏል። የታወቀው በሁለተኛው ምሽት ነው፤ ቆርኪው ሲያልቅ ከጎኑ ካለው ሊበደር ሲሞክር። «ዛሬ ቡና ጠጣ» ተባለ፤ ቀጥሎም እንደዚያው። ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ግን ቡናውን ሊጠጣ ይመጣል። ይህን ስልኩ ያደርግለት ነበር? ስልኩ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያውቀው ቦነስ ይልክለታል።

ለዚህ ነው «ቁማር ቁማር ነው» የሚለው ፍርድ የሚያናድደኝ። ጨካኝ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመው ለቤቲንግ ቤቱ በመሆኑ ነው። ካርታ ነውር የሆነበት ልጅ ቁማር አልተወም፤ ከሰው ፊት ተነስቶ ማንም ወደማያየው ቦታ ገባ እንጂ። በነውር ያባረርነው ሰው በር ላይ የሚቀበለው ማን እንደሆነ እያየን ነው። ልጆች ያያሉ የምትሉኝም፣ ይዩ። የእትዬ የልጅ ልጆች በረንዳው ላይ እያዩን ነው የሚያድጉት፤ አያታቸው 20 ብር ሲበሉ፣ 20 ብር ሲበላባቸው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቆርኪውን ጠርገው ሲነሱ ያያሉ። አንድ አጎታቸው ክፍሉን ዘግቶ ስልኩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን አያዩም፤ እሱም እንዲታይ አይፈልግም።

ቤት ከፍቶ ካርታ የሚያስጫውት፣ ከየዙሩ የሚቆርጥ፣ ያለቀበትን የሚያበድር ሰው ካለ ይዘጋ፤ ፖሊስ ሲያሽገው ከአሻጊዎቹ ጋር እቆማለሁ። እሱና ቤቲንጉ ወንድማማቾች ናቸው። የእኛ በረንዳ ግን ዝምድና የለውም። አትራፊ የሌለው፣ ጣሪያ ያለው፣ ሚኒባስ የሚያስነሳው የሃምሳ ብር ጠረጴዛ ይቅር መባሉን ብቻ አይደለም የምጠይቀው፤ በደሴ ፒያሳም፣ ሮቢትም፣ ቧንቧ ውኃም፣ በኮምቦልቻም እንዲበዛ እፈልጋለሁ፤ በር ተከፍቶ፣ መብራት በርቶ፣ ጎረቤት እያየው።